ያገለገለ ትልቅ ሽጉጥ ለመግዛት ላሰባችሁ የደሴና የኮምቦልቻ ልጆች

«ያገለገለ 44 ማግነም አግኝቻለሁ፤ ልግዛው ወይስ ልተወው?» አሜሪካ ያላችሁ የአገሬ ልጆች ይህን ደጋግማችሁ ትጠይቁኛላችሁ። 44 ማግነም የከባድ ሽጉጥ ጥይት ስም ነው፤ የሚተኩሰውን ስድስት ጎራሽም በዚያው ስም ይጠሩታል። ቨርጂኒያ ስኖር የተኩስ መለማመጃ ቦታ አዘውትሬ እሄድ ስለነበር ነው መሰለኝ፣ የሽጉጥ ነገር ሲነሳ ወደ እኔ ይደወላል። አሁን ኮምቦልቻ ገብቻለሁ። ስልኩ ግን አልተወኝም። እስቲ አንዴ ልጻፈውና እንገላገል።

ፍላጎቱ ይገባኛል። ወሎ ያደገ ሰው ስድስት ጎራሽ ሲያይ ትዝ የሚለው አንድ ሽማግሌ አይጠፋም። ኮታቸው ስር ማኅደሩ ጎላ ብሎ የሚታይ፣ ሰርግ ላይ የክብር ቦታ የሚሰጣቸው። ከተማችንም ብትሆን የጦር መሣሪያ ታሪክ አላት። ጣሊያን ኅዳር 1928 ደሴን ከአየር ደበደበ፣ ሚያዝያ ላይ በእግሩ ገባ። በሚያዝያ 1933 ደግሞ የደቡብ አፍሪካ ጦር ኮምቦልቻ በር ላይ ተዋግቶ ደሴን ያዘ። ጣሊያኖቹ ቦዴኦ የተባለውን 10.35 ሚሊ ሜትር ስድስት ጎራሽ ይታጠቁ ነበር፤ የእንግሊዝ ወገን መኮንኖች ደግሞ ዌብሊና ኤንፊልድ። ስድስት ጎራሽ በየቤቱ ቢወራ አይገርምም።

ግን ናፍቆት አንድ ነገር ነው፣ ግዢ ሌላ።

ለንደን ያላችሁ ይህን ጽሑፍ ለመዝናናት ብቻ አንብቡት። እዚያ የእጅ ሽጉጥ እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ ለተራው ሰው ዝግ ነው። ቶሮንቶና ካልጋሪ ያላችሁም እንዲሁ፤ ካናዳ እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2022 ወዲህ በግለሰቦች መካከል የእጅ ሽጉጥ መሸጥና መግዛትን አግዳለች። ስለዚህ የምጽፈው በዋናነት ለአሜሪካዎቹ ነው።

አሜሪካ ሽጉጥ እንደ ዳቦ ይሸጣል የሚለውን ወሬ እርሱት። ፈቃድ ካለው ነጋዴ ስትገዙ ቅጽ 4473 ትሞላላችሁ፣ የጀርባ ታሪካችሁ ይጣራል። ግሪን ካርድ ያለው ሰው መግዛት ይችላል። በተማሪ ወይም በጎብኚ ቪዛ ያለ ሰው ግን፣ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር፣ መግዛት ቀርቶ መያዝም አይፈቀድለትም። የጥገኝነት ጉዳዩ ገና ያላለቀለት ሰው ጠበቃውን ሳይጠይቅ ወደ መደብሩ ድርሽ አይበል። በቤት ውስጥ ጥቃት የተፈረደበት ሰውም ቀላል ወንጀል ተብሎ ቢታለፍለት እንኳን ሽጉጥ መያዝ ክልክል ነው። ከየግዛቱ የሚጨመርም አለ። ሜሪላንድ ለምሳሌ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ከግዢው በፊት ሥልጠናና የጣት አሻራ ያለበት የተለየ ፈቃድ ትጠይቃለች። ከሌላ ግዛት ሰው የእጅ ሽጉጥ ስትገዙም በራሳችሁ ግዛት ባለ ፈቃድ ያለው ነጋዴ በኩል ማለፍ አለበት።

እዚህ ላይ ልቆጣ። «የሱ ወረቀት አልወጣም፤ በስሜ ልግዛለት» የሚባል ደግነት አለ። የእኛ ሰው እምቢ ማለት ስለሚከብደው ነው። አትግዙለት! ገዢው ሌላ ሰው ሆኖ ሳለ በራስ ስም መሙላት የፌዴራል ወንጀል ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2022 በወጣው ሕግ እስከ 15 ዓመት ያሳስራል። ዜግነት ለሌለው ሰው ደግሞ በጦር መሣሪያ ወንጀል መቀጣት ራሱ ከአገር የሚያስባርር ምክንያት ነው። ለአንድ ሽጉጥ ብሎ ስንት ዓመት የለፉበትን ኑሮ ማፍረስ ምን ይሉታል?

ወረቀታችሁ ሙሉ ከሆነ አብሽሩ፣ ወደ ዕቃው እንሂድ።

44 ማግነም በ1950ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) ከስሚዝ ኤንድ ዌሰን ጋር ወጣ። ሞዴል 29 የሚባለው እሱን የሚተኩሰው ነው፤ ረጅም አፈሙዝ ያለው አንድ ኪሎ ከ300 ግራም ገደማ ይመዝናል። ያገለገለ 44 ገበያ ላይ የሚበዛበት ምክንያት ደስ ይላል። ሰው ፊልም ያያል፣ ይገዛል፣ አንድ ፓኮ ጥይት ይተኩሳል፣ የእጁ አንጓ ይዝላል፣ ይሸጠዋል። ስለዚህ ያገለገለ ቢባልም ምንም ያልሠራ ዕቃ ማግኘት ይቻላል። ከመግዛታችሁ በፊት ግን ከመለማመጃ ቦታ ተከራይታችሁ ተኩሱ። ብዙዎቹ ያከራያሉ። ስካንዲየም ከተቀላቀለበት አሉሚኒየም የተሠራውን ቀላሉን ደግሞ «ለመያዝ ይመቻል» ብላችሁ እንዳትጀምሩበት። ክብደቱ የቀነሰውን ያህል ምቱ እጃችሁ ላይ ይጨምራል።

44 ማግነም የሚተኩስ ስድስት ጎራሽ አጭሩን 44 ስፔሻልም ይተኩሳል። 357 ማግነምም 38 ስፔሻልን እንዲሁ። የተገላቢጦሹ አይሆንም። ለጀማሪ የማዝዘው ይህን ነው፤ ትልቁን ሽጉጥ በትንሹ ጥይት መልመድ። አጭሩን ብዙ ከተኮሳችሁ በኋላ ቋቱ (ስድስቱ ጥይት የሚገባበት የሚሽከረከረው ክፍል) ውስጥ የባሩድ ቅሪት ቀለበት ሠርቶ ረጅሙ አልገባም ሊል ይችላል። ቆሻሻ ነው፤ በብሩሽ ይለቃል።

መደብር ስትገቡ ትንሽ ባትሪና ነጭ ወረቀት ያዙ። ሻጩ ሲሰጣችሁ ቋቱን ክፈቱ፣ ስድስቱንም ጉድጓድ በዓይን እዩ፣ ከዚያ በጣት ዳስሱ። ሻጩ «ባዶ ነው» ማለቱ አይበቃም። ቀጥሎ፣ ጥይት ሳይኖርበት ቃታ መሳብ ይፈቀድ እንደሆነ ጠይቁ። ሳይጠይቁ መሳብ ነውር ነው።

ሲፈቀድላችሁ የኋላውን መምቻ በአውራ ጣት ቀስ አድርጋችሁ ወደ ኋላ ሳቡ። በሌላው እጅ ቋቱን በስሱ ንኩት። መምቻው መጨረሻው ጋ ሲደርስ ቋቱም ቦታው ላይ ቀጭ ብሎ መቆለፍ አለበት። መምቻው ደርሶ ቋቱ ካልተቆለፈ አካሄዱ ተበላሽቷል ማለት ነው፤ ጥይቱ ከአፈሙዙ ጋር ሳይገጥም ሊተኮስ ይችላል። ይህን ስድስቱም ላይ ፈትሹ። አምስቱ ደህና ሆነው አንዱ የሚያጠፋበት ጊዜ አለ።

መምቻው ተስቦ ሳለ ቃታውን ሳትነኩ ከኋላ በአውራ ጣት ገፋ አድርጉት። ከወደቀ ሽጉጡን መልሱና ውጡ። ዋጋ ቢቀንስላችሁም ውጡ።

ከዚያ ቋቱን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ነቅንቁት። ወደ ጎን ትንሽ ቢንቀሳቀስ ስሚዝ ላይ የተለመደ ነው። ወደ ፊትና ኋላ በግልጽ የሚንገጫገጭ ከሆነ ግን ብዙ ከባድ ጥይት በልቷል። በቋቱና በአፈሙዙ መካከል ያለው ክፍተት ከ0.10 እስከ 0.25 ሚሊ ሜትር ቢሆን መልካም ነው። መካኒክ ጓደኛ ካላችሁ ፊለር ጌጁን፣ ጠባብ ክፍተት የሚለካበትን ስስ ብረት፣ ተዋሱት።

ጥይቱ ከቋቱ ዘሎ የሚገባበት የአፈሙዙ ጉሮሮ ላይ ባትሪ አብሩ። ስንጥቅ ካለ አለቀ፣ አትግዙ። ከጉሮሮው በላይ ባለው ብረት ላይ እሳት የቆረጠው ቀጭን መስመር ብታዩ ግን አትደንግጡ፤ ማግነም ላይ የተለመደ ነው። ነጩን ወረቀት ከኋላ ይዛችሁ በአፈሙዙ ስታዩ ጠመዝማዛዎቹ መስመሮች ጥርት ብለው መታየት አለባቸው። ብሎኖቹንም እዩ። አናታቸው ከተጋጠ ሙያ የሌለው ሰው ከፍቶታል። ሻጩ ደግሞ ፊልም ላይ እንደሚታየው ቋቱን በእጁ ወርወር አድርጎ ቀጭ አድርጎ ከዘጋ እሱንም ሽጉጡንም ተሰናበቱ። ያ ነገር ቋቱን የያዘውን ክንድ ያጣምማል።

ሩገር የሚባለው ፋብሪካ የሚሠራውም ጠንካራ ዕቃ ነው፣ እኔ እንዲያውም አበልጠዋለሁ። አንድ ጥንቃቄ አለው። እ.ኤ.አ. ከ1973 በፊት የተሠሩት ብላክሆክና ሱፐር ብላክሆክ፣ ጎናቸው ላይ ሦስት ብሎን ያላቸው፣ ቢወድቁ ራሳቸው ሊተኩሱ ይችላሉ። ከመምቻው ስር ያለው ጉድጓድ ባዶ ሆኖ ነው የሚያዙት። ፋብሪካው የደኅንነት ክፍሉን በነፃ ይቀይራል፤ መቀየሩን ሻጩን ጠይቁ።

ስለ አተኳኮስ ብዙ አልልም። አሠልጣኝ ከፍላችሁ ተማሩ፤ የዩቲዩብ ትምህርት አይበቃም። ነገር ግን ሁለት ነገር ከአሁኑ ይግባችሁ። አንደኛው፣ ከቋቱና ከአፈሙዙ ክፍተት እሳትና ጋዝ ወደ ጎን ይወጣል። እንደ ጠመንጃ ግራ እጃችሁን ወደ ፊት ሰዳችሁ ብትይዙ ጣታችሁን ያቃጥለዋል፣ ይቆርጠዋልም። ሁለተኛው፣ አንድ ጥይት ከወትሮው ያነሰ ድምፅ ካሰማ ወዲያው አቁሙ። እርሳሱ አፈሙዙ ውስጥ ተወትፎ ሊሆን ይችላል፤ ሌላ ከኋላው ከላካችሁ ሽጉጡ እጃችሁ ላይ ይፈነዳል። ሰው ቤቱ ውስጥ በእጁ የሞላውን ጥይትም አትቀበሉ፣ ጓደኛ ቢሆንም። የቤት ውስጥ መለማመጃ ላይ የጆሮ መሸፈኛው ሁለት ይሁን፣ ቡሽና ከላዩ የሚደረበው። ስትጨርሱ ልጅ ከማቀፋችሁ በፊት እጃችሁን ታጠቡ፤ እርሳስ መርዝ ነው።

ቤት ውስጥ በካዝና ተቆልፎ ይቀመጥ። አልጋ ስርና ቁም ሳጥን ላይ መደበቅ ለልጆች ጨዋታ መስጠት ነው። ሌላም አለ፣ የእኛ ሰው አያወራውም እንጂ። አሜሪካ ውስጥ በጦር መሣሪያ ከሚሞተው ሰው ከግማሽ በላዩ ራሱን ያጠፋ ነው። በብቸኝነት፣ በትዳር መፍረስ፣ በሥራ ማጣት የተጨነቀ ሰው ቤት ውስጥ ካለ፣ ያ ሰው ራሳችሁም ብትሆኑ፣ ግዢው ይቆይ። ያለውንም ለጊዜው ለታመነ ሰው ወይም ለነጋዴ በሕጋዊ መንገድ አስቀምጡ።

አሁን ወደ አገር ቤት። በዓል ሲደርስ ወይ ኢድ ወይ ገና፣ ቡናው ተፈልቶ ዘመድ ተሰብስቦ አንዱ ጎረምሳ ጠጋ ይላል። «እዚያ በሽ ነው አሉ፤ አንድ ይዘህልን ናማ!» ሳቅ ብሎ ማለፍ አይጠቅምም፤ ተስፋ ያደርጋል። እቅጩን ንገሩት፣ አይሆንም። ከአሜሪካ ለማስወጣት የመንግሥት ፈቃድ ይጠይቃል። እዚህ ደግሞ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 አለ፤ ያለ ፈቃድ ማስገባት ወንጀል ነው። ሽጉጥ ይቅርና አንዲት ጥይት ሻንጣ ውስጥ ተረስታ ብትገኝ ቦሌ ላይ የእረፍታችሁ ጊዜ በምርመራ ያልቃል። ወደ መለማመጃ የምትይዙትን ቦርሳ ለጉዞ አትጠቀሙበት። ባዶ ቀለህ የተንጠለጠለበት የቁልፍ መያዣም እዚያው ይቅር፤ ለልጆች የሚመጣ እውነተኛ የሚመስል መጫወቻም እንዲሁ።

ሌላው ጥያቄ በስልክ ይመጣል። «እዚሁ ርካሽ ተገኝቷል፣ ብር ላክልኝ።» በድብቅ የገባ የቱርክ ሽጉጥ ተያዘ የሚል ዜና ስንቴ ሰምታችኋል? ከ2015 መጨረሻ ወዲህ ክልሉ ያለበትን ሁኔታም ታውቃላችሁ። ሐረጎን ስትወጡም፣ በባቲ በኩል ስትመጡም ፍተሻ ሊገጥማችሁ ይችላል። ወረቀት የሌለው ሽጉጥ የተገኘበት ልጅ ምን እንደሚገጥመው ገምቱት። ብሩን ለሌላ ነገር ላኩለት። እዚያ ሽጉጥ ይዛችሁ የተነሳችሁትን ፎቶም ቲክቶክ ላይ አትለጥፉ። እናንተ ዴንቨር ናችሁ፤ እናታችሁ ግን ሸዋ በር ነው ያሉት።

የአያት ሽጉጥ ቤት ውስጥ ካለስ? መጀመሪያ አትተኩሱት። ስንት ዘመን የተቀመጠ ብረት ነው፣ ጥይቱም የዚያኑ ያህል አርጅቷል። ሌላ ጥይት ቋቱ ውስጥ ልክክ ብሎ ስለገባ ይተኮሳል ማለት አይደለም። በወታደሩ ቦዴኦ ላይ ቃታው ወደ ፊት የሚታጠፍና መከለያ የሌለው ነው፤ የመኮንኑ ግን መከለያ አለው። በዚህ ለይታችሁ ታሪኩን ለልጆቻችሁ መንገር ትችላላችሁ። በቆዳ ማኅደሩ ውስጥ እንዳለ መተው ግን ጥሩ አይደለም። ቆዳው እርጥበት ይይዛል፤ የደሴ ጉም ተጨምሮበት ብረቱን ይበላዋል።

ፈቃድ የሚሰጠው ለሰው ነው፣ ለቤት አይደለም። አያታችሁ ካረፉ «ወራሽ ነኝ» ማለት ብቻ አያድናችሁም። ቤት ያለ ታላቅ ሰው የቆየውን ወረቀት ፈልጎ፣ ሽጉጡን ሳይዝ፣ መጀመሪያ ፖሊስ ጋ ሄዶ ይጠይቅ። በኪሱ ይዞት እንዳይሄድ፤ ለማስመዝገብ እየሄደ መንገድ ላይ ቢያዝ ማን ያምነዋል? የሚነገረውን ይስማ፣ የሚሰጠውንም ደረሰኝ ፎቶ አንስቶ ይላክላችሁ። እናንተም ለእረፍት ስትመጡ ይህን ጉዳይ በራሳችሁ እጅ አትያዙት፤ የውጭ ፓስፖርት ያላችሁ በተለይ።