ገንዘብ ከፍሎ ያስገደለ ለምን ከሞት ይተርፋል?

ጥያቄ፦ ሕርማታ ቡና ቤት ቁጭ ብለን ቪዲዮ ስናይ፣ አሜሪካ ውስጥ ነፍሰ ገዳይ ቀጥሮ ሰው ያስገደለ ሰው ዕድሜ ልክ ተፈረደበት ይላል። ወዲያው ጭቅጭቅ ተነሳ። አንዱ «መሰቀል ነበረበት!» ብሎ ጠረጴዛውን ሲመታ ማኪያቶው ሱሪዬ ላይ ተገለበጠ። ዳኛው ለምን ራራለት? (ከጅማ)

መልስ፦ ለሱሪህ አይዞህ። ዳኛውን ግን ተወው። እዚያ ሞት ይገባዋል አይገባውም የሚሉት ከሕዝቡ የተመረጡ 12 ሰዎች ናቸው፣ ጁሪ ይባላሉ። በፌዴራል ፍርድ ቤት ሁሉም ካልተስማሙ ሞት የለም፤ 11ዱ ይሙት ቢሉ እንኳ አንዷ እምቢ ካለች አለቀ። ፍሎሪዳ ግን በ2023 እ.ኤ.አ. ሕጓን ቀይራ 8 ሰው ይበቃል ብላለች።

«እሱ እኮ አልተኮሰም» የሚሉት ደግሞ ያናድዱኛል። ባይከፍል ማን ይተኩስ ነበር? እኛም ጋ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አነሳሹን ይቀጣል፤ ከባድ ግድያ ዕድሜ ልክ ወይም ሞት ያስፈርዳል። ጁሪ የለንም፣ የሚወስኑት ዳኞች ናቸው። ደግሞ ዕድሜ ልክን አትናቁት። እኛ ጋ ከ20 ዓመት በኋላ አመክሮ ሊኖር ይችላል፤ እዚያ በፌዴራል ከተፈረደበት ግን አመክሮ የሚባል ነገር የለም።