ጤዛው የደረቀበት ድሮሴራ

ጥያቄ፦ የእኅቴ ልጅ ባለፈው ጥቅምት ከአዲስ አበባ ሲመጣ ድሮሴራ የሚባል፣ ነፍሳት የሚበላ ተክል በስጦታ አመጣልኝ። ቅጠሎቹ ረዘም ያሉ ሲሆኑ በላያቸው ባሉት ቀያይ ፀጉሮች ጫፍ ሁሉ ጤዛ የመሰለ ጠብታ ነበረ። የመጣበት ኩባያ ስለጠበበው ከጓሮዬ አፈር ከፍግ ጋር ቀላቅዬ በሸክላ የአበባ ማሰሮ አዛወርሁትና ሳሎን፣ ከመጋረጃው ጀርባ አስቀመጥሁት። የቧንቧ ውኃ አፍልቼና አቀዝቅዤ አጠጣዋለሁ፤ ዝንብ ሲጠፋም ጥሬ ሥጋ እቆርስለታለሁ። ከገና ወዲህ ግን ጤዛው ጠፋ፣ ቅጠሎቹ ከጫፋቸው ጠቆሩ፣ በአፈሩም ላይ ነጭ ነገር ጋገረ። ይድናልን? ደግሞስ ቤቱን ከዝንብ ያጸዳል የተባለው እውነት ነውን?
አንዲት እናት፣ ከጎንደር አዘዞ

መልስ፦ የመዳን ተስፋው ጥሩ ነው። ከገለጹልን መልክ እንደምንረዳው ተክልዎ የትውልድ አገሩ ደቡብ አፍሪካ፣ የኬፕ አካባቢ የሆነው ዓይነት ይመስላል፤ ይህ ዓይነት ደግሞ ከወገኖቹ መካከል ጠንካራ ከሚባሉት አንዱ ሲሆን፣ ከአፈር በላይ ያለው አካሉ ቢደርቅ እንኳ ብዙ ጊዜ ከሥሩ ተመልሶ ያቆጠቁጣል።

ተክልዎ የታመመው ከጥጋብ ነው። ድሮሴራ በተፈጥሮው የሚበቅለው ውኃ እያጠበ ማዕድኑን ባራቆተው ረግረጋማ መሬት ላይ ነው፤ ነፍሳት የሚያጠምደውም ከአፈሩ ያጣውን ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ለማግኘት እንጂ፣ ኃይሉንስ እንደ ሌላው ተክል ከፀሐይ ብርሃን ያገኛል። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የወጣው የጎንደር አፈር ለጤፍና ለሽንብራ ያማረ ቢሆንም፣ ለዚህ ተክል ሥር፣ በተለይም ፍግ ሲጨመርበት፣ ከመርዝ አይተናነስም። በላዩ ያዩት ነጭ ነገር ውኃው ሲተን ጥሎት የሄደው ጨው ነው፤ ማፍላት ተሕዋስያንን ይገድላል እንጂ በውኃ ውስጥ የሟሟውን ማዕድን ሁሉ አያስወግድም።

የሚስማማው የዝናብ ውኃ ነው። በጎንደር ክረምት ይህ አያስቸግርም፤ የመጀመሪያዎቹ ዝናቦች የቆርቆሮውን አቧራ አጥበው ከወረዱ በኋላ የሚመጣውን በንጹሕ ጀሪካን አጠራቅሞ ለበጋ ማቆየት ይቻላል። አሁን ግን ጥር ላይ ነን። ስለዚህ ዲስቲልድ ውኃ፣ ማለትም በእንፋሎት ተጣርቶ ከማዕድን የጸዳ ውኃ፣ ይፈልጉ፤ በመኪና መለዋወጫ ሱቆች ለባትሪ የሚሸጠው ዲስቲልድ ውኃ ያገለግላል፤ ሆኖም በዚያው ሱቅ የባትሪ አሲድም ስለሚሸጥ ጽሑፉን ሳያረጋግጡ እንዳይወስዱ አደራ እንላለን። ታሽጎ የሚሸጠው የመጠጥ ውኃ አብዛኛውን ጊዜ ማዕድን ስላለበት አይተካውም። ሁሉም ከታጣ አረቄ የሚወጣበትን ብልሃት በትንሹ መድገም ነው፦ በትልቅ ድስት ውኃ ጥደው መካከሉ ላይ ከባድ ጎድጓዳ ሳሕን ያስቀምጡ፤ ክዳኑን እጀታው ወደ ሳሕኑ እንዲያመለክት ገልብጠው ይክደኑና በላዩ ቀዝቃዛ ውኃ ያድርጉበት፤ እንፋሎቱ ክዳኑን ሲነካ ቀዝቅዞ ወደ ሳሕኑ ይንጠባጠባል። ማገዶ ይፈጃል፤ ቢሆንም ለአንድ ትንሽ ተክል የሚያስፈልገው ውኃ ጥቂት ነው።

ውኃው ከተዘጋጀ በኋላ ተክሉን ከማሰሮው አውጥተው ሥሩን በዚሁ ውኃ ቀስ አድርገው ይጠቡት። የሥሩ መጥቆር አያስደንግጥዎ፤ የዚህ ተክል ሥር ጤነኛ ሳለም ጥቁር ነውና፣ የበሰበሰው ሲነኩት በመላላቱ ይታወቃል። ከዚያ ሙሉ በሙሉ የደረቁትን ቅጠሎች ቆርጠው፣ ከሥሩ ቀዳዳ ባለው የፕላስቲክ ዕቃ፣ ፒት ሞስ (በረግረግ የተብላላ የሞስ ብስባሽ) እና ፐርላይት (በሙቀት ያበጠ ቀላል ነጭ ጠጠር) እኩል ቀላቅለው ይትከሉት። እነዚህን ለችግኝ አፍይዎች ዕቃ ከሚያቀርቡ ሱቆች መጠየቅ ይቻላል፤ ከረጢቱ ላይ ማዳበሪያ ተጨምሮበታል የሚል ካለ አይግዙት። ሸክላ ጨው ስለሚይዝ ወደ እሱ አይመልሱት። ዕቃውን አንድ ወይም ሁለት ሴንቲ ሜትር ውኃ ባለው ትሪ ላይ ያኑሩት፤ ውኃ ከላይ ማፍሰስ አያስፈልግም።

ከመጋረጃው ጀርባም ያውጡት። የጠዋት ፀሐይ፣ ከ1 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ያለው፣ በቀጥታ የሚያገኘው የምሥራቅ መስኮት ለመጀመሪያው ወር ይመቸዋል፤ በአንድ ጊዜ ወደ ቀትሩ የበጋ ፀሐይ ከወጣ ግን የተዳከመው ቅጠል ይቃጠላል። በበጋው ደረቅ አየር ሥሩ እስኪይዝ ድረስ ለአንድ ሳምንት ያህል ብርሃን የሚያሳልፍ ስስ ፕላስቲክ አላልተው ቢያለብሱትና በየቀኑ ጥቂት በጥቂት እየገለጡ ቢያለማምዱት መልካም ነው።

ሥጋውን ይተዉት። ቻርለስ ዳርዊን በ1875 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናቱ ድሮሴራን ሥጋ አብልቶ መሞከሩ እውነት ነው፤ ቁራጮቹ ግን እጅግ ጥቃቅን ነበሩ። ከማእድ ቤት የተቆረሰ ሥጋ በቅጠሉ ላይ ይሸታል፣ ይሻግታል፣ ቅጠሉንም ይዞት ይሞታል። ጤዛው እስኪመለስ ድረስ ጨርሶ ምንም አይመግቡት።

አሮጌዎቹ ቅጠሎች ጤዛቸውን ላይመልሱ ስለሚችሉ በእነሱ አይፍረዱ፤ የሚጠበቀው ከመካከል ተጠቅልሎ የሚወጣው አዲስ ቅጠል ነው፤ እሱም ሳምንታት ሊወስድ ይችላል። እስከዚያው ለመጠባበቂያ ያህል፣ ገና አረንጓዴ የሆነ አንድ ቅጠል ከሥር መሠረቱ ቆርጠው በዚሁ ንጹሕ ውኃ በተሞላ ብርጭቆ ብርሃን ባለበት ያንሳፍፉት፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ በላዩ ጥቃቅን ችግኞች ሊበቅሉ ይችላሉ። እኛ ይህን ሳናደርግ በመቅረታችን የመጀመሪያ ድሮሴራችንን ያለ ዘር አጥተነዋል።

ዝንብን ስለ ማጽዳቱ ግን የሰሙት የተጋነነ ነው። ድሮሴራ በዋነኛነት የሚይዘው ትንኝ ሲሆን፣ ትልቅ የቤት ዝንብ ብዙ ጊዜ ታግሎ ያመልጣል። ለዝንቡ መስኮትዎ ላይ የሽቦ ወንፊት ያስገጥሙ፤ ተክሉን የሚያጠግብ ትንኝ ከጠላው ጋን አካባቢ አይታጣም።