ዕዳዬን ልክፈል፣ ስልኩ ግን ይቁምልኝ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ እትዬ። የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ሲሆን የምተዳደረው በሹፍርና ነው። ታምሜ ሥራ ባቆምኩበት ጊዜ የክሬዲት ካርድ ዕዳዬን መክፈል አቃተኝ፤ ለመጨረሻ ጊዜ ከከፈልኩ ሁለት ዓመት አልፎኛል። ባንኩ ዕዳውን ለሌላ ድርጅት ሸጦታል፤ አሁን የሚጠይቁኝ 8,400 ዶላር ነው። ደብዳቤያቸው ከደረሰኝ ሁለት ሳምንት ቢሆነው ነው፤ ስልካቸው ግን ከማለዳ እስከ ሌሊት አያርፍም። ባለፈው ሳምንት ለወንድሜ ሚስት ደውለው ዕዳዬን ዘርዝረው ነገሯት። እኔን ደግሞ ፖሊስ እንደሚይዘኝና ግሪን ካርዴን እንደማጣ አስፈራሩኝ። ዛሬውኑ የባንክ ካርድ ቁጥሬን ብሰጣቸው በ5,500 እንደሚዘጉልኝ ይናገራሉ። በሚቀጥለው ወር 4,000 ዶላር ዕቁብ ይደርሰኛል። የጎደለውን ተበድሬ ልገላገል? ወንድሜስ ይጠየቅበት ይሆን?

መልስ፦ ወንድሜ፣ የካርድ ቁጥርዎን ለማንም አይስጡ። ከዚህ በኋላ ያለው ሁሉ ይደርሳል።

በቅድሚያ ፍርሃቱን እናውርድ። በአሜሪካ የክሬዲት ካርድ ዕዳ አለመክፈል ወንጀል አይደለም፤ ፖሊስ አይመጣም፣ ግሪን ካርድም አይነጠቅም። የመንግሥት ግብርና የልጅ ቀለብ ሌላ ጉዳይ ናቸው፤ የእርስዎ ከእነርሱ አይደለም። ወንድምዎም አይጠየቅም። አገር ቤት ባንክ ሲያበድር ዋስ ስለሚያስፈርም፣ ዘመድ ሲደወልለት «እኔም ገባሁበት» ብሎ ይደነግጣል። እዚህ ግን በውሉ ላይ ያልፈረመ ሰው ዕዳ የለበትም። ለወንድምዎ ሚስት ዕዳዎን መንገራቸው ራሱ ሕግ መጣስ ነው፤ በ1977 የወጣው የዕዳ አሰባሰብ ሕግ ይከለክላል። ሰብሳቢው ለዘመድ መደወል የሚችለው አድራሻዎን ለማጣራት ብቻ ነው፤ ስለ ዕዳው ትንፍሽ ማለት አይችልም። ይህን ድርጊት በየጊዜው አየዋለሁ፤ ሁልጊዜም ያስቆጣኛል። ሰው ከገንዘቡ ይልቅ ስሙ በዘመዱ ፊት እንዳይጠፋ እንደሚጨነቅ አውቀው የሚያደርጉት ነው።

አሁን ወደ ሥራው። ደብዳቤው ከደረሰዎት ጀምሮ ዕዳውን በጽሑፍ ለመሞገት 30 ቀን አለዎት፤ ግማሹ አልፏልና ነገ ይጻፉ። አንድ ገጽ ይበቃል። ዕዳውን እንደማይቀበሉ፣ የመጀመሪያው አበዳሪ ማን እንደነበረና 8,400 የሆነው እንዴት እንደሆነ ማስረጃ እንደሚፈልጉ፣ ከዛሬ ጀምሮ በስልክ ሳይሆን በደብዳቤ ብቻ እንዲያነጋግሩዎት ይግለጹ። ተቀባዩ ፈርሞ ማረጋገጫው በሚመለስበት የአደራ ደብዳቤ ይላኩት። ማስረጃውን እስኪልኩ ድረስ መሰብሰባቸውን ማቆም ግዴታቸው ነው።

«ፈጽሞ አታግኙኝ» ብለው ግን እንዳይጽፉ። ይህንንም የመጠየቅ መብት አለዎት፤ ነገር ግን የመነጋገሪያው በር ሲዘጋ የሚቀራቸው ፍርድ ቤት ነው። በሜሪላንድ ለእንዲህ ዓይነቱ ዕዳ የመክሰሻው ጊዜ ሦስት ዓመት ነው፤ የእርስዎ ገና አላለቀም። ስለዚህ ስልኩን ዘግተው፣ የደብዳቤውን መንገድ ክፍት ይተዉት።

የሚደውሉበትን ቀንና ሰዓት፣ የተናገሩትንም ቃል በደብተር ይያዙ። ከ2021 ኅዳር መጨረሻ ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው ደንብ፣ ስለ አንድ ዕዳ በሰባት ቀን ውስጥ ከሰባት ጊዜ በላይ የደወለን ሰብሳቢ እንደ ጥፋተኛ ያየዋል። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት በፊትና ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ መደወልም ክልክል ነው። ነገር ግን ንግግሩን በስውር እንዳይቀዱ፤ ሜሪላንድ ያለ ሁለቱ ወገን ፈቃድ የስልክ ንግግር መቅዳትን ይከለክላል። እነርሱ ራሳቸው የተዉልዎትን የድምፅ መልእክት ግን አያጥፉ። የወንድምዎ ሚስትም የተነገራትን ሳትረሳ በጽሑፍ ታስቀምጥልዎት። ይህ ሁሉ ለዋና ዐቃቤ ሕግ ቢሮ አቤቱታ ይሆናል። ጥሰቱ በደረሰ በአንድ ዓመት ውስጥ ከከሰሱም፣ ከደረሰብዎት ጉዳት ካሳ ሌላ እስከ 1,000 ዶላር ሊያስፈርድልዎት፣ የጠበቃዎንም ወጪ ሊያስከፍላቸው ይችላል። በድርድሩ ላይ ይህ ትልቅ ጉልበት ነው።

ማስረጃው መጥቶ ዕዳው የእርስዎ መሆኑ ከተረጋገጠ፣ በዚያን ጊዜ ይደራደሩ። ዕዳን ማስቀነስ ክህደት የሚመስላቸው ብዙ ወገኖች አሉ። ባንኩ እኮ ዕዳውን ሸጦ ወጥቷል። የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በ2013 ባወጣው ጥናት፣ ዕዳ ገዢዎች ለአንድ ዶላር ዕዳ በአማካይ የከፈሉት አራት ሳንቲም ያህል ነበር። ስለዚህ 5,500 ችሮታ አይደለም። እኔ ብሆን 2,000 ብዬ እጀምርና ከ3,500 አላልፍም። ዕቁቡን በጭራሽ አያንሱባቸው። በአንድ ጊዜ መክፈል መቻልዎ ዋናው መሣሪያዎ ነው፤ ልኩን ካወቁት ግን እስከ መጨረሻው ዶላር ይጠይቁዎታል።

ስለ ዕቁቡ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ዕጣው የደረሰዎት መጀመሪያ አካባቢ ከሆነ፣ ቀሪውን መዋጮ እስከ መጨረሻው መክፈል አለብዎት፤ ያ ደግሞ ወዳጅ የሚጠብቀው ዕዳ ነው። የቤት ኪራይና የመኪና መድን ከፍለው መዋጮውን መቀጠል የማይችሉ ከሆነ፣ ዕቁቡን ለዚህ አያውሉት። ለጎደለውም ሌላ ብድር አይግቡ። ዕዳውን አስቀንስልሃለሁ ብሎ አስቀድሞ ገንዘብ የሚጠይቅ ድርጅት ከመጣም ይሽሹት፤ በስልክ ደንበኛ የሚይዙ እንዲህ ያሉ ድርጅቶች ውጤት ሳያመጡ እንዳያስከፍሉ ከ2010 ጀምሮ ተከልክሏል።

ከተስማሙ፣ ስምምነቱ ተጽፎ እጅዎ ሳይገባ አንድ ዶላር አይክፈሉ። ወረቀቱ የሒሳቡን ቁጥር፣ የሚከፍሉትን ገንዘብና ቀኑን መያዝ አለበት፤ በዚህ ክፍያ ዕዳው ሙሉ በሙሉ እንደሚዘጋና ቀሪው ለሌላ እንደማይሸጥም በግልጽ ይጻፍበት። አገር ቤት ሲፒኦ በምንለው ዓይነት የባንክ ቼክ ይክፈሉ፤ የባንክ ሒሳብዎን ቁጥር እንዳያዩት። ወረቀቱንና የቼኩን ቅጂ ለዓመታት ያስቀምጡ፤ የተዘጋ ዕዳ በሌላ ሰብሳቢ እጅ ሲመለስ አይቻለሁ።

የተማረልዎት ገንዘብ 600 ዶላር ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ፣ 1099-ሲ የሚባል ቅጽ ሊመጣልዎት ይችላል፤ መንግሥት እንደ ገቢ ይቆጥረዋልና። ዕዳው በተማረበት ጊዜ ያለብዎት ዕዳ በሙሉ ከንብረትዎ ይበልጥ ከነበረ ግን፣ በቅጽ 982 ከግብሩ ሙሉ በሙሉ ወይም በከፊል ነፃ መሆን ይችላሉ። ግብር የሚሠራልዎትን ሰው ይህን ቁጥር ጠርተው ይጠይቁት።

በዚህ መካከል የፍርድ ቤት መጥሪያ ቢደርስዎት መሳቢያ ውስጥ አይክተቱት። በሜሪላንድ ዲስትሪክት ፍርድ ቤት መከላከያ እንደሚያቀርቡ ለማሳወቅ ያለዎት ጊዜ መጥሪያው ከደረሰዎት ጀምሮ 15 ቀን ነው። ዝም ካሉ ሊፈረድብዎት ይችላል፤ ከፍርድ በኋላ ደግሞ ከደመወዝም ከባንክ ሒሳብም መውሰድ ይችላሉ። መጥሪያውን ይዘው በዚያው ቀን ወደ ነፃ የሕግ ድጋፍ ቢሮ ይሂዱ።