ብርብራን የምትተክሉ፣ ጠይቁኝ፦ ጥያቄና መልስ ከጅማ

ሰላም የጅማ ቡና ሰዎች። ዛሬ ስለ ብርብራ ብቻ እንነጋገር። ከኢትዮጵያ በቀር የትም የማይገኝ፣ ለቡና ጥላ የሚሆን ዛፍ ነው። ከወዲሁ ልንገራችሁ፦ ዘሩን አታቆዩ።

ከማና፦ ጋሼ፣ ዘሩን እንደ ግራር ሙቅ ውኃ ውስጥ ልንከረው?

መልስ፦ በፍጹም! የግራር ዘር ቆዳው ጠንካራ ነው፤ ሙቅ ውኃ ይፈልጋል። የብርብራ ዘር ምንም ዝግጅት አይፈልግም። ዋናው ለቀማው ላይ ነው። ዘሩን የያዘው ቅርፊት ቡናማ ሲሆን፣ ሳይፈነዳ ከዛፉ አውርዱት። ፀሐይ ላይ አስጡት፤ ራሱ ይከፈታል። ዛፉ ላይ ከፈነዳ ዘሩን ራቅ አድርጎ ይበትነዋል፣ ከሣር ውስጥ ስትለቅሙ ትውላላችሁ። ከዚያ ሳትውሉ ሳታድሩ የችግኝ ላስቲክ ውስጥ ዝሩት። ችግኙን ክረምቱ ሲገባ አውጡት።

ከሰቃ፦ ለቡናው ምን ይጠቅማል?

መልስ፦ ብርብራ የባቄላና የአተር ዘመድ ነው። ሥሩ እባጮች አሉት፤ እዚያ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ናይትሮጂንን ከአየር ይይዛሉ። የረገፈው ቅጠልም በስብሶ አፈሩን ያዳብራል። ሐምራዊ አበባውን ንብ ይወደዋል፤ ቀፎ ያላችሁ ልብ በሉ።

ከአጋሮ፦ ጥላ ከሆነ ሰሳን የሚያህል ዛፍ የለም!

ከሊሙ፦ ኧረ ተው! እኛ ጋ ብርብራ ነው ቡናውን ያቆመው።

ከአጋሮ፦ የአባቴን ማሳ መጥተህ እይ፣ ከዚያ ታወራለህ።

መልስ፦ ምን ያጣላችኋል? ሁለቱም ጥሩ ናቸው፤ ቀላቅሉ። ጥላው ሲበዛ ግን ቅርንጫፉን መልምሉ፣ ቡና ጨለማ ውስጥ አያፈራም። ባሕር ዛፍን ቡና ውስጥ አታስገቡ፤ ውኃውን ይሻማል።

ከጎማ፦ ኦቦ፣ ቡናዬ ደህና አይደለም። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ምን ሆነ? ቅጠሉ ነው ፍሬው? ዕድሜው ስንት ነው? ጥላ አለው? እንዲህ ተጠይቆ እንዴት ይመለሳል?

ከማና፦ የዓምና ዘር አለኝ፣ ይበቅል ይሆን?

መልስ፦ ከላይ አንብቡ እንጂ! አታቆዩ ብያለሁ። ትኩስ ዘር ልቀሙ።

ከሊሙ፦ የዘሩን ዱቄት ወንዝ ውስጥ ጨምረን ዓሣ እናጠምድ ነበር። ጉዳት አለው?

መልስ፦ አለው። ዘሩ ውስጥ ሮቴኖን የሚባል መርዝ አለ፤ ዓሣው ኦክስጅን መጠቀም ያቅተዋል። ትልቁን ስትለቅሙ ጫጩቱም፣ የውኃ ነፍሳቱም አብረው ያልቃሉ። ለከርሞ ምን ልትበሉ ነው? እባካችሁ ተዉት። ዘሩ አፈር ውስጥ ይግባ።

ከሰቃ፦ ችግኙ ስንት ይሸጣል?

መልስ፦ ዋጋ አልነግርም። ችግኝ ጣቢያ ጠይቁ።

ከአጋሮ፦ 74110 የሚባለውን የቡና ዝርያ ልትከል?

መልስ፦ የቡና ፍሬ በሽታን ይቋቋማል። ለቀረው መልኮ ያለው የምርምር ማዕከል ሂዱ፣ ዛሬ የያዝነው ብርብራ ነው።