መልስ፦ የክፉዋ ሴት ዳግም ልደት ምኑ ይማርካል?

«ጀግናዋ እያለች ሰው ክፉ ሆና ዳግም የተወለደችውን ለምን ይወዳል?» ብለው ለጠየቁት፦ የምናወራው ባለታሪኳ በምታውቀው ታሪክ ወይም ጨዋታ ውስጥ የጀግናዋ ክፉ ተቀናቃኝ ሆና ዳግም ስለምትወለድባቸው ልብ ወለዶች ነው። እንደ እኔ ጉዳዩ ከክፋት ጋር ብዙም አይገናኝም። የሚማርከው ፍጻሜዋን አስቀድማ ማወቋ ነው።

እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2020 በአኒሜ (በጃፓን የካርቱን ፊልም) የቀረበችውን ካታሪና ክሌስን ይመልከቱ። በ8 ዓመቷ ጭንቅላቷን ስትመታ የቀድሞ ሕይወቷ ትዝ ይላታል። ጃፓናዊት ተማሪ ነበረች፤ አሁን ያለችበት ዓለም ደግሞ ያኔ ትጫወተው የነበረ የፍቅር ታሪክ ያለው የቪዲዮ ጨዋታ ነው። በዚያ ጨዋታ የካታሪና ዕጣ ስደት ወይም ሞት ነው። ታዲያ ምን አደረገች? የመስፍን ልጅ ሆና ሳለ መቆፈሪያ አንስታ አትክልት መትከል ያዘች፤ ብትሰደድ አርሳ ልትበላ! ልዑሉ እጮኛዋ እባብ ስለሚፈራም፣ ለክፉ ቀን ብላ የአሻንጉሊት እባብ ትሠራለች። እኔን የማረከችኝ እዚህ ላይ ነው።

ጀግናዋ የተጻፈላትን ደስታ ትጠብቃለች። ክፉዋ ግን የተፈረደባትን መሻር አለባት፤ ስለዚህ ትንሿ ደግነቷ እንኳ ክብደት አላት።

የሚገርመው፣ በፈረንጆቹ 1994 በወጣው፣ የእንዲህ ዓይነት የፍቅር ጨዋታዎች ፈር ቀዳጅ በሆነው በ«አንጀሊክ» የጀግናዋ ተቀናቃኝ ሮዛሊያ ኩሩ እንጂ ክፉ አይደለችም። ተዋርዳ የምትሰደደዋ ሴት ይበልጡን የልብ ወለዶቹ ፈጠራ ናት።

የማልወደው ክፉዋን ንጹሕ ለማድረግ ሲባል ጀግናዋን ተንኮለኛ የሚያደርጉትን ነው፤ ቦታ መለዋወጥ ብቻ። ካታሪና ግን ከጀግናዋ ከማሪያ ጋር ወዳጅ ትሆናለች፤ ለመጀመር እርሷን ይምረጡ።