«ዋጋ» ወይስ «ግምት»? ትርፍ እኩል የመካፈል የግንባታ ውል

ጥያቄው የመጣው ከፍኖተ ሰላም ነው። ጠያቂያችን ጂ ፕላስ ሁለት ሕንፃ እያሠሩ ነው። ሰኔ 2016 ከተቋራጩ ጋር የተፈራረሙት አንድ ገጽ ውል እንዲህ ይላል፦ «የሕንፃው ጠቅላላ ዋጋ 12 ሚሊዮን ብር ነው። ከዚህ የተረፈ ካለ ሁለቱ ወገኖች እኩል ይካፈላሉ።» አሁን ተቋራጩ ወጪው 13 ሚሊዮን 900 ሺህ ደርሷል ብሎ ሥራ አቁሟል። «ትርፉ እኩል ከሆነ ኪሳራውም እኩል ነው፤ 950 ሺህ ይጨምሩ» ይላል። ልክፈል ወይ ነው ጥያቄው።

እንደ እኔ አነባበብ፣ የኪሳራውን ግማሽ የመክፈል ግዴታ የለብዎትም። ሙሉ በሙሉ ነፃ ነዎት ማለቴ ግን አይደለም፤ እመጣበታለሁ።

ያዳነዎት አንዲት ቃል ናት፦ «ዋጋ»። «ግምት» ተብሎ ቢጻፍ ኖሮ ነገሩ ሌላ ነበር። ያኔ ተቋራጩ «ወጪውን የሚሸፍኑት እርስዎ ነዎት፤ እኔ ከቁጠባው ልካፈል ነው የገባሁት» ለማለት በር ይከፈትለት ነበር። «ዋጋ» ሲባል ግን 12 ሚሊዮን የተቆረጠ ነው። ውሉ ስለ ትርፍ ተናግሮ ስለ ኪሳራ ዝም ብሏል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1733 ደግሞ የውሉ ቃል ግልጽ ሲሆን ዳኛ ከዚያ ወጥቶ እንዳይተረጉም ይከለክላል።

ተቋራጩ የዶላሩን ነገር ያነሳል። ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ፌሮ እንደተወደደ ማንም አይክድም። ያም ፌሮ ከአዲስ አበባ ተጭኖ፣ የዓባይን በረሃ ወርዶና ወጥቶ፣ በደጀን በኩል ነው ፍኖተ ሰላም የሚደርሰው። ያሳዝናል። ሕጉ ግን ጨከን ይላል። በቁጥር 1764 ግዴታው ከታሰበው በላይ ስለከበደ ብቻ ውል አይለወጥም። ቁጥር 1794ም ሌላ ስምምነት ከሌለ የጥሬ ዕቃ ዋጋ መወደድን ከአቅም በላይ ምክንያት አያደርገውም።

ለተቋራጩ በስልክ «አይዞህ፣ አንጎዳዳም» እንዳሉት ራስዎ ጽፈውልኛል። ደግ ቃል ነው። ነገር ግን በተለየ ፎርም፣ ለምሳሌ እንደ እናንተ በጽሑፍ፣ የተደረገ ውል የሚሻሻለው በዚያው ፎርም ነው፤ ቁጥር 1722። ከአሁን በኋላ ግን በስልክ ባያጽናኑት ይሻላል።

ፎቶ አንስተው የላኩልኝን የተቋራጩን የወጪ ደብተር ገጽ ሁለት ጊዜ አየሁት። «ፌሮ ባለ 12፣ 40 ቤርጋ» ይላል፤ ደረሰኝ የለውም። «ሚክሰር ኪራይ» ይላል፤ ሚክሰሩ የራሱ የተቋራጩ ነው። ከታች «ልዩ ልዩ፣ 85,000»። ይህ ምን እንደሆነ እግዜር ይወቀው። እንዲህ ዓይነት ውል የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፤ «ወጪ» ምን እንደሆነ ሳይነጋገሩ ስለ ክፍፍል ይፈራረማሉ። ጎጃም ውስጥ በእኩል ያረሰ ሰው ይህን ያውቃል። ዘሩና ማዳበሪያው ከላይ ይነሳል ወይስ ከየድርሻ? ይህ አስቀድሞ ካልተነገረ አውድማው ላይ ጠብ ነው።

አሠራሩ ራሱ መጥፎ አይደለም። እንግሊዞች በ1993 እ.ኤ.አ. ባወጡት ኤንኢሲ የተባለ የውል ቅጽ ውስጥ «አማራጭ ሲ» የሚሉት ከዚህ ጋር ይቀራረባል፤ እዚያ ግን ኪሳራውም በግልጽ ይከፋፈላል። ለቀጣይ ሥራዎ የታቀደውን ወጪ 12 ሚሊዮን ብለው እኩል ለመካፈል ይስማሙ እንበል። ሥራው በ11 ሚሊዮን ካለቀ እርስዎ 11 ሚሊዮን ተኩል ይከፍላሉ፤ ግማሽ ሚሊዮኑ የተቋራጩ ሽልማት ነው። 13 ሚሊዮን ከፈጀ 12 ሚሊዮን ተኩል ይከፍላሉ። 14 ሚሊዮን ከሆነስ? ስሌቱ 13 ያደርስዎታል። «አሠሪው ከ12 ሚሊዮን 800 ሺህ በላይ አይከፍልም» የሚል ጣሪያ ካለ ግን እዚያ ላይ ይቆማሉ፤ የቀረው የተቋራጩ ዕዳ ነው። እባክዎ ጣሪያውን አይርሱ።

አሁን ወደማይወዱት ነገር ልምጣ። የሱቁን ግድግዳ በመስታወት ያስቀየሩት እርስዎ ነዎት። የሁለተኛውን ፎቅ ሴራሚክም በተሻለ ያስለወጡት እርስዎ ነዎት። ይህ የዋጋ ንረት ሳይሆን እርስዎ ያዘዙት ተጨማሪ ሥራ ነው። «በ12 ሚሊዮን ተስማምተናል» ብለው ሊያመልጡበት አይችሉም፤ ቢሞክሩም ዳኛው ፊት ያስተዛዝባል።

ስለዚህ ገለልተኛ መሐንዲስ ይዘው ሳይት ይሂዱ። የለወጡትን ያስለኩ፣ በቃለ ጉባኤ እርስዎ፣ ተቋራጩና መሐንዲሱ ሦስታችሁም ፈርሙበት። ለተቋራጩ ሥራውን በዚህ ቀን ይቀጥል የሚል የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይስጡ። በቁጥር 1772 ይህ ሳይቀድም ውል አልፈጸመም ብለው መክሰስ ያስቸግራል። ሽማግሌ ከገባም የታረቃችሁበትን ጽፋችሁ በሁለት ምስክር ፈርሙ። የመስታወቱንና የሴራሚኩን ልዩነት ግን መሐንዲሱ ለክቶ እንደጨረሰ ይክፈሉት፤ ሽማግሌም ክስም እስኪመጣ አይጠብቁ።