መልስ፦ ዋርፋሪን በሪቫሮክሳባን ይቀየር ወይ?

እህቴ፣ ወንድምሽ የልቡ ደም ሥር በረጋ ደም ተዘግቶ ከታከመ በኋላ አንቲፎስፎሊፒድ ሲንድረም (ሰውነት በሚያመነጫቸው ፀረ እንግዳ አካላት ምክንያት ደም በቀላሉ የሚረጋበት ሕመም) ተገኝቶበት፣ ከለገጣፎ ለአይኤንአር ምርመራ (ደሙ ለመርጋት ምን ያህል እንደሚዘገይ ለሚለካው) መመላለሱ ስለሰለቸው «ዋርፋሪኑ በሪቫሮክሳባን ይቀየርለት ወይ?» ብለሻል። ሁለቱም ደም እንዳይረጋ የሚከላከሉ መድኃኒቶች ናቸው።

ሐኪሙ ሳያውቅ ፈጽሞ አይቀይር! በ2018 የታተመ ጥናት የዚህ ሕመም መለያ የሆኑት ሦስቱም ፀረ እንግዳ አካላት የተገኙባቸውን ሕመምተኞች ተከታትሎ ነበር። ሪቫሮክሳባን ከወሰዱት 59 ሰዎች 4ቱ ስትሮክ፣ 3ቱ የልብ ደም ሥር መዘጋት ገጠማቸው፤ ዋርፋሪን ከወሰዱት 61 ሰዎች ግን አንዱንም አልገጠመውም። ጥናቱ ያለጊዜው ተቋረጠ። መንገዱ እንደሚያሰለች አውቃለሁ፤ ቢሆንም ይመላለስ። አይኤንአሩ አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 3 እንዲሆን ይፈለጋል። ጎመን ደግሞ የዋርፋሪንን ጉልበት ይቀንሳል፤ ጾም ሲገባ በአንድ ጊዜ አያብዛ፣ የጎመኑን መጠን አያለዋውጥ። ስቴንት (የልብ ደም ሥርን ከፍቶ የሚይዝ ትንሽ ቱቦ) ገብቶለት አስፒሪን ወይም ክሎፒዶግሬል ከተደረበለት የመድማት አደጋው ይጨምራል፤ ሰገራው ከጠቆረ የውስጥ መድማት ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ሆስፒታል ውሰጂው።